አፉን ያልፈታ ልጅ፦ ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 4 ዓመት (የጋራ የውይይት ክር)

ቃል_ለቃል፦

«2 ዓመት ሞልቶት አይናገርም፣ ምን ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ በየሳምንቱ በአዲስ ክር ይመጣል፤ መልሱም በየክሩ ተበታትኖ ቀርቷል። አንድ ቦታ እንሰብስበው። ሥራዬ ስፒች ቴራፒ (የንግግር ሕክምና) ነው። የጆሮ ባለሙያ፣ ነርስ፣ የልዩ ፍላጎት መምህር የሆናችሁ፣ ውጭ አገር ያላችሁም ጨምሩበት። «የእከሌ ልጅ በ5 ዓመቱ ተናግሮ ዛሬ ኢንጂነር ነው» የሚለውን ግን እዚህ ባናመጣው ደስ ይለኛል።

ቃል ከመቁጠራችሁ በፊት ጣቱን እዩ። አውሮፕላን ሲያይ በጣቱ ጠቁሞ፣ ዞር ብሎ «አየሽ?» በሚል ዓይን እናቱን የሚያይ የ18 ወር ልጅ ገና ቃል ባይኖረውም የመግባባት መሠረቱ አለ። በአንጻሩ 40 ቃል እያለው አንዱንም ለሰው የማይናገር፣ ለማሳየት ብሎ የማይጠቁም ልጅ የበለጠ ያሳስበኛል። ብስኩት ስጡኝ ብሎ መጠቆምና አሳያችሁ ብሎ መጠቆም ይለያያሉ፤ የምፈልገው ሁለተኛውን ነው።

ለምርመራ መሄድ ያለበት፦ በ12 ወሩ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ የማይጠቁም፣ ቻው የማይል፤ በ16 ወሩ አንድም ቃል የሌለው፤ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል የማያገናኝ፤ በየትኛውም ዕድሜ ደግሞ የነበረውን ቃል ያጣ። ቃል ያጣው ልጅ ቀጠሮ እስኪደርስ የሚጠበቅበት አይደለም። «ሁለት ቃል» የሚለው መለኪያ ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ በአማርኛ «በላ፣ ልብላ፣ አልበላም» እያለ ግሱን የሚለዋውጥ ልጅ እያገናኘ ነው ብዬ እቆጥርለታለሁ።

«ወንድ ልጅ ይዘገያል» የሚባለው እውነት አለው፤ የሚዘገየው ግን በወር እንጂ በዓመት አይደለም። ዘግይተው ከሚጀምሩት ብዙዎቹ እኩዮቻቸውን ይደርሳሉ። በ2 ዓመቱ ላይ ሆኖ «ይሄኛው ይደርሳል፣ ያኛው ይቀራል» ብሎ በእርግጠኝነት የሚለይ ባለሙያ ግን የለም። ስለዚህ ከሁሉም ጋር ሥራው ይጀመራል።

መስማትና መረዳቱን ለማወቅ አንድ የቤት ፈተና፦ እጃችሁን ኪስ ውስጥ ከታችሁ፣ ጫማው ወዳለበት ሳታዩ «ጫማህን አምጣ» በሉት። ብዙ ቤተሰብ «ሁሉንም ይረዳል፣ መናገር ብቻ ነው ያቃተው» ይላል፤ ሲፈተን ልጁ ሲከተል የኖረው የእናቱን ዓይንና እጅ ሆኖ ይገኛል። ቁልፍ ይዛችሁ «እንሂድ» ስትሉ ቢነሳ ያነበበው ቁልፉን ነው።

ስም ስትጠሩም በአንድ ስም ይሁን። አንዱ ማሙሽ፣ አንዱ አባቴ፣ አንዱ በመዝገብ ስሙ፣ አያት በክርስትና ስሙ የሚጠሩት ልጅ የቱ የእሱ እንደሆነ ቢጠፋው አይፈረድበትም። ለሁለት ሳምንት ቤተሰቡ በሙሉ በአንዱ ብቻ ይጥራው፤ ከዚያ ፈትሹ።

የማሙሽ_እናት፦

እናመሰግናለን። በር ሲንኳኳ የሚሮጥ፣ ከሌላ ክፍል የማስታወቂያ ሙዚቃ ሰምቶ የሚመጣ ልጅም የጆሮ ምርመራ የግድ ያስፈልገዋል? ሐኪሙ ከኋላው አጨብጭበው ዞር አለ፣ «ይሰማል» ተባለ።

ጆሮ_ጠቢ፦

እህቴ፣ የግድ ነው። (ኦዲዮሎጂ፣ ማለትም የመስማት ምርመራ ላይ ነኝ፤ ስሙን ያወጡልኝ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው።)

የበር ኳኳታ፣ ጄኔሬተር፣ የሙዚቃ ምት ወፍራም ድምፆች ናቸው። ቀጫጭኑን ድምፅ ብቻ የማይሰማ ልጅ እነዚህን ሁሉ ይሰማል፤ የሚያመልጡት ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ት የመሳሰሉት ናቸው። «ሳሙና» ለእሱ «አሙና» ነው። ጭብጨባም ምርመራ አይባልም፤ ንፋሱ አንገቱን ይነካዋል፣ ጥላችሁን ያያል።

በዚህ ዕድሜ አብዝተን የምናገኘው ከጉንፋን በኋላ ከታምቡሩ ጀርባ የሚጠራቀም ፈሳሽ ነው። አያምም፣ ትኩሳት የለውም፣ ከጆሮ የሚወጣ ነገርም የለም፤ ስለዚህ ማንም አያስተውለውም። መስማትን ግን ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ያህል ይቀንሳል፤ ትራስ ጆሮ ላይ ደፍቶ እንደማዳመጥ ነው። አብዛኛው በ3 ወር ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ከዚያ ካለፈና በሁለቱም ጆሮ ከሆነ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ስፔሻሊስት ይየው።

ሦስት ምርመራ አለ። ቲምፓኖሜትሪ ታምቡሩ መንቀሳቀሱን፣ ማለትም ፈሳሽ መኖር አለመኖሩን ያሳያል፤ ሰከንዶች ነው የሚፈጀው። ኦ ኤ ኢ ትንሽ መሰኪያ ጆሮው ውስጥ ገብቶ የውስጥ ጆሮን ምላሽ ይለካል፤ ልጁ ዝም ካለ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ኤ ቢ አር ደግሞ ግንባርና ጆሮ አካባቢ ሽቦ ተለጥፎ ድምፁ እስከ አንጎል ግንድ መድረሱን ያያል፤ ተኝቶ ነው የሚሠራው፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሰዓት ተኩል ሊወስድ ይችላል።

ኤ ቢ አር የሚበላሸው በአብዛኛው ልጁ አልተኛ ብሎ ነው። በዚያን ቀን በጊዜ ቀስቅሱት፤ መንገድ ላይ እንዳያንቀላፋ አንድ ሰው ከኋላ ወንበር አብሮት ይቀመጥ፤ ጡት ወይም ጡጦ የሚሰጠው ሽቦው ከተለጠፈ በኋላ ነው። በማደንዘዣ የሚሠራ ከሆነ ግን የጾሙን ሰዓት የሚወስነው ሆስፒታሉ ነው፤ በራሳችሁ አታብሉት። ኩክ ሞልቶት ከሆነ አስቀድሞ ይጸዳ። በጥጥ እንጨት ስትሞክሩ ወደ ውስጥ ነው የምትገፉት።

ኦ ኤ ኢ «አልፏል» ቢባልም ኤ ቢ አር የሚያስፈልጋቸው አሉ፦ ሲወለዱ ዓይናቸውና ቆዳቸው በጣም ቢጫ ሆኖ የነበረ (ከባድ ጆንዲስ)፣ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ክፍል የቆዩ፣ ጄንታማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ለብዙ ቀን የወሰዱ። ማጅራት ገትር የያዘው ልጅ ደግሞ ከሆስፒታል እንደወጣ ወዲያው ይመርመር፤ የውስጥ ጆሮው በወራት ውስጥ አጥንት ሊሞላው ስለሚችል ኮክሌር ኢምፕላንት (በቀዶ ሕክምና ውስጥ ጆሮ የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ) የማስገቢያው ጊዜ ያልፋል።

«ደህና ነው» ተብላችሁ በቃል አትውጡ። የምርመራው ዓይነት፣ ግራና ቀኙ ለየብቻ፣ በስንት ዴሲቤል እንደተለካ የተጻፈበት ወረቀት ይዛችሁ ውጡ።

ሲስተር_መ፦

ከጆሮው ጎን ለጎን የሕፃናት ሐኪሙ እንዲያያቸው የምትጠይቋቸው፦ የጭንቅላት ዙሪያ መጠን፣ የደም ማነስና የአይረን መጠን፣ የታይሮይድ ምርመራ። የመጨረሻውን የማነሳው እኛ አገር ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የታይሮይድ ቅድመ ምርመራ በመደበኛነት ስለማይደረግ ነው፤ በጊዜው ካልተያዘ አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ነው። ለአፍታ ፈዝዞ የሚቀር፣ ዓይኑ የሚርገበገብ፣ ስትነኩት የማይነቃ ከሆነ በስልክ ቅረጹትና ለሐኪሙ አሳዩ፤ የሚጥል በሽታ ሁልጊዜ ጥሎ አያንፈራግጥም።

ኩል ለሕፃን ዓይን አትቀቡ። አንዳንዱ ኩል እርሳስ የተባለው ብረት አለበት፤ ልጁ ዓይኑን አሽቶ ጣቱን አፉ ውስጥ ይከታል፣ እርሳስ ደግሞ የአንጎል እድገት ይጎዳል።

ስለ ምላስ ማስቆረጥ። «ምላሱ ታስሯል» ተብሎ ስንቱ ይቆረጣል። ከምላስ ሥር ያለው ክር ያጠረ ልጅ አለ፤ ጡት መሳብ ሊያስቸግረው፣ በኋላም ር እና ል የመሳሰሉ ድምፆች ላይ ሊጎተት ይችላል። ቃል የሚባል ነገር ጨርሶ እንዳይኖረው ግን አያደርግም። «እማ»፣ «አባ» ለማለት ከንፈር ይበቃል፤ ምላስ አያስፈልግም። እነዚህንም የማይል ልጅ ችግሩ ከምላሱ ሥር አይደለም። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ፦ መድማት፣ ቴታነስ፣ የላንቃው ጀርባ ከተጎዳም ድምፁ ዕድሜ ልክ በአፍንጫ ይወጣል።

ጸበል የምትወስዱ ውሰዱ፤ ከሕክምና ጋር አይጣላም። አንድ ነገር ብቻ፦ ፌኖባርቢታል ወይም ቫልፕሮዌት (የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች) የሚወስድ ልጅ መድኃኒቱን በድንገት ካቆመ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊነሳበት ይችላል። መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ በጾም ቀንም በሰዓቱ ይዋጥ። ይህን ለካህኑ አስቀድማችሁ ብትነግሯቸው አብዛኞቹ ይረዳሉ።

ካሳንቺስ_አባት፦

2 ዓመት ከ8 ወር። ኤ ቢ ሲ ዲን እስከ መጨረሻ፣ ቁጥር እስከ 20፣ ቀለማትን በእንግሊዝኛ ያውቃል፤ ከዩቲዩብ ነው የለመደው። ውሃ ሲፈልግ ግን አይጠይቅም፤ እጅ ይዞ ፍሪጅ ጋ ይወስዳል። «ውሃ ትፈልጋለህ?» ሲባል «ትፈልጋለህ» ብሎ ይመልሳል። ከየት ነው የሚጀመረው?

ቃል_ለቃል፦

ወንድሜ፣ ይህ አዲስ አበባ ውስጥ አሁን በብዛት የምናየው ዓይነት ነው። ፊደልና ቁጥሩ ጥሩ ትውስታ እንዳለው ይነግረናል፤ ከሰው ጋር መግባባት ሌላ ችሎታ ነው፣ ከስክሪን አይገኝም። ስክሪን ልጁ ቢስቅም ባይስቅም፣ ቢመልስም ባይመልስም ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላለ ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ በቀን ከ1 ሰዓት አይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል። በአንድ ቀን አታጥፉት። መጀመሪያ ከምግብ ሰዓት ላይ ይነሳ፣ ቀጥሎ ከመኝታ በፊት ያለው። ለጥቂት ቀናት ለቅሶው ይብሳል፤ በሦስተኛው ቀን ተሸንፎ ስልኩን የሰጠ ቤተሰብ ልጁን ያስተማረው ረዘም አድርጎ ማልቀስን ነው። ማንም የማያየው ቴሌቪዥን በርቶ ሲውልም የቤተሰቡ ወሬ ይቀንሳል፤ ይጥፋ።

አሁን ወደ ፍሪጁ። እጅ ይዞ መውሰዱ ጥያቄ ነው፤ ቃሉ የሚገባው እዚያ ላይ ነው። ፍሪጁ ጋ ስትደርሱ እጅህን በሩ ላይ አድርገህ አትክፈት። ዝቅ ብለህ ፊቱን እየው። ከ5 እስከ 10 በልብህ ቁጠር። ይህ ዝምታ ለአዋቂ ረጅም ነው፤ አብዛኛው ወላጅ 2 ሳይደርስ ይናገራል። ዓይንህን ካየ፣ ድምፅ ካወጣ፣ ከጠቆመ በቂ ነው፦ «ውሃ!» ብለህ ወዲያው ክፈት። ምንም ካላደረገ ሁለት ጊዜ «ውሃ» በልና ስጠው። እስኪያለቅስ መያዝ አያስፈልግም፤ ያለቀሰ ልጅ አይማርም።

«ትፈልጋለህ» ብሎ የሚመልሰው ቃሉን ከነጥያቄው አንድ ላይ ስለያዘው ነው። እሱን በመጠየቅ ፈንታ እሱ ሊለው የሚገባውን በእሱ አፍ በልለት። «ልስጥህ?» ካልከው «ልስጥህ» ብሎ ነው የሚጠይቅህ። አማርኛ ላይ ሌላም ችግር አለ፦ ለአባት «ስጠኝ»፣ ለእናት «ስጪኝ»፣ ለአያት «ስጡኝ»። ጀማሪ ልጅ ላይ ሦስቱን አትጫኑበት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ለማንም ቢነገሩ የማይለወጡትን ምረጡ፦ ውሃ፣ ሌላ፣ በቃ፣ አለቀ፣ የለም፣ እንደገና፣ ላይ፣ እምቢ። «እምቢ»ን አትዝለሉ፤ ጩኸትና መንከስ ከሚቀንሱት አንዱ እሱ ነው። የቀለማትና የእንስሳት ስም ይቆይ። ቀይ ብሎ ምንም አያገኝም፤ «ሌላ» ብሎ ግን ብስኩት ያገኛል።

ሌላው የቋንቋችን ሀብት ድምፅን የሚያስመስሉት ቃላት ናቸው። ዱብ፣ ብድግ፣ ቁጭ፣ ጠብ ጠብ፣ እፍፍ፣ ፈተግ ፈተግ፣ ዷ። አጭርና ምት ያላቸው ናቸው፣ እንቅስቃሴው አብሯቸው ይመጣል። ኳስ ከሶፋ ላይ ስትጥሉ «ዱብ!»፣ አሥር ጊዜ በተመሳሳይ ድምፅ። በአሥራ አንደኛው ኳሱን ከፍ አድርጋችሁ ያዙና ዝም በሉ። ቃሉን እሱ ሊሞላው ይችላል። ኩኩሉም እንዲሁ ነው፦ «ኩኩሉ!» ተብሎ «አልነጋም!» እስኪል መጠበቅ ተራ የመያዝ ትምህርት ነው፤ መጀመሪያ ሌላ ሰው አጠገቡ ሆኖ ይመልስለት።

ለብቻው የተቀመጠ የአንድ ሰዓት «ትምህርት» አልመክርም። በቀን የግድ ከሚደረጉት ሦስት ነገር ምረጡ፤ ለምሳሌ እጅ መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ የቡና ሰዓት። ለእያንዳንዱ ሦስት ወይም አራት ቃል፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል። እጅ ሲታጠብ፦ ቧንቧው ሳይከፈት ቆም፣ «ውሃ»፤ ሳሙናውን ከፍ አድርጎ ይዞ ቆም፣ «ሳሙና»፤ «ፈተግ ፈተግ»፤ «አለቀ»። ቡና ላይ ስኒ እየተቆጠረ ይሰጠው፣ «ሌላ… ሌላ… አለቀ»፤ ጀበናው ግን ከእጁ ይራቅ። ፈንዲሻና ቆሎ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ለሽልማት አይሆንም፤ ትንፋሽ ቱቦ ውስጥ ይገባል። ሙዝ በስሱ የተቆረጠ ወይም ለስላሳ ዳቦ ይሁን። ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ሳትቀይሩ አቆዩት። ቤተሰብ ከልጁ ቀድሞ ይሰለቻል፤ ልጁ ግን መደጋገሙን ነው የሚፈልገው።

ምርጫ ስትሰጡ ሁለቱን ዕቃ በፊታችሁ ግራና ቀኝ ያዙ፣ ሲያይ አፋችሁንም እንዲያይ። «ሙዝ? ካልሲ?» ከ«ሙዝ? ብርቱካን?» ይሻላል። የማይፈልገው ነገር አጠገቡ ሲሆን መምረጥ ምን እንደሆነ ይገባዋል፤ ደግሞ ያስቃል።

አንድ ቃል ሲል አንድ ጨምሩበት፣ አታርሙት። «ኳስ» ካለ «ኳስ ዱብ» ወይም «ትልቅ ኳስ»። «ኳስ ስጠኝ በል፣ በል እንጂ» ሲባል ግን የሚዘጋ ልጅ ብዙ ነው። በአጠቃላይ «ይሄ ምንድን ነው?» የሚለውን ቀንሱ፤ አንድ ጥያቄ ስትጠይቁ ሦስት አራት ጊዜ ደግሞ ያየውን ነገር ዝም ብላችሁ ተናገሩለት።

ብሌን_ኤም፦

ፊኛ ማስነፋት፣ ፊሽካ፣ ምላስና ጉንጭ ማሸት የሚያሠሩ ማዕከላት አሉ። «የአፍ ጡንቻው ደካማ ስለሆነ ነው» ይላሉ። ይጠቅማል?

ቃል_ለቃል፦

ለመናገር አይጠቅምም። መንፋት መንፋትን ነው የሚያሻሽለው። በዚህ ላይ የተሠሩት ጥናቶች ንግግር ላይ ለውጥ አላሳዩም። የአረፋ ጨዋታ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው፤ አረፋው ሲያልቅ ልጁ «ሌላ» የሚልበት አጋጣሚ ይፈጥራል። ምራቁ ሁልጊዜ የሚዝረከረክ፣ ማኘክ የሚያቅተው፣ ሲጠጣ የሚያስለው ልጅ ከሆነ ያ የተለየ ጉዳይ ነው፤ የአዋዋጥ ችግር ሊኖር ስለሚችል ሐኪም ይየው። ቴራፒስት ስትመርጡ አንድ መለኪያ ልስጣችሁ፦ በሩን ዘግቶ ልጁን ብቻ አስገብቶ እናንተን ውጭ የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ ቤት ሄዳችሁ የምትሠሩትን ከየት ታገኛላችሁ?

ልዩ_ፍላጎት፦

ከ2 ዓመት ተኩል በኋላም ቃል እምቢ ላለው ልጅ የሥዕል ካርድ ጀምሩ። «ካርድ ከለመደ መናገር ይተዋል» የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ ብዙዎቹ ላይ እንዲያውም ንግግሩን ያግዛል።

ኢንተርኔት ላይ ያለ ሥዕል አታትሙ። የራሱን ኩባያ፣ የራሱን ኳስ፣ የሚወደውን ብስኩት በነጭ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ። 7 በ7 ሴንቲሜትር ያህል፣ ላሚኔት ይደረግ፤ ካልተቻለ ሁለቱም ፊቱ በሰፊ ፕላስተር ይሸፈን፣ አለበለዚያ በሁለት ቀን ይበላዋል።

የሚጀመረው በአንድ ካርድና በሁለት ሰው ነው። አንደኛው ብስኩቱን ይዞ ከፊት ይቀመጣል፣ ሁለተኛው ከልጁ ኋላ። ልጁ ወደ ብስኩቱ እጁን ሲዘረጋ ከኋላ ያለው ሰው ዝም ብሎ እጁን ወደ ካርዱ መርቶ፣ ካርዱን አንሥቶ በፊተኛው ሰው መዳፍ ላይ እንዲያስቀምጥ ያግዘዋል። ፊተኛው «ብስኩት!» ብሎ በዚያው ቅጽበት ይሰጠዋል። ከኋላ ያለው እርዳታውን ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ መጀመሪያ መዳፉ ላይ ማስቀመጡን፣ ቀጥሎ ማንሣቱን። ብስኩቱ አራት ቦታ ይቆረስ፤ ሙሉውን ከሰጣችሁት አንዴ ጠይቆ ጨረሰ።

የሚበላሸው እንዲህ ነው፦ ፊተኛው «ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ልጁም ሳይጠየቅ መጠየቅን ሳይለምድ ይቀራል። ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ወይም ደግሞ «ይሄ ምንድን ነው?» ማስጠኛ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ልጁ ካርድ ሲያይ ይሸሻል። በሳምንት ውስጥ 20 ካርድ የሚደረድሩም አሉ። ሁለተኛው ካርድ የሚመጣው የመጀመሪያውን ከሌላ ክፍል ድረስ ይዞ መምጣት ሲጀምር ነው።

አሌክሳንድሪያ_ቨርጂኒያ፦

አሜሪካ ላላችሁ። ልጁ 3 ዓመት ካልሞላው የሐኪም ሪፈራል ሳትጠብቁ ለኧርሊ ኢንተርቬንሽን (ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሰጥ የእድገት ድጋፍ) ራሳችሁ ደውሉ። ቨርጂኒያ «ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን»፣ ሜሪላንድ «ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ»፣ ዲሲ «ስትሮንግ ስታርት» ነው የሚባለው። ግምገማው ነጻ ነው፤ ከተጠየቀበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ግምገማውና የመጀመሪያው የአይ ኤፍ ኤስ ፒ (የልጁና የቤተሰቡ የአገልግሎት ዕቅድ) ስብሰባ መካሄድ አለበት። ቀኑን ጻፉት። ዕቅዱ በየ6 ወሩ ይከለሳል። 3 ዓመት ሲሞላው ጉዳዩ ወደ ትምህርት ዲስትሪክቱ ያልፋል፣ ወረቀቱም አይ ኢ ፒ (የልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ) ይሆናል፤ የሽግግሩ ስብሰባ ልደቱ ሊደርስ ቢያንስ 90 ቀን ሲቀረው መደረግ አለበት። 2 ዓመት ከ11 ወር ላይ ከሆናችሁ በቀጥታ ለዲስትሪክቱ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በስልክ የተጠየቀ ነገር ማስረጃ የለውም።

አስተርጓሚ መብታችሁ ነው፤ ታላቅ እህቱን አስተርጓሚ አታድርጉ። ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ለአስተርጓሚው ሁለት ነገር ይነገረው። ልጁ የተሰባበረ አማርኛ ሲናገር አስተካክሎ እንዳይተረጉም፤ «እማ ኳስ ሂድ» ያለው «ኳሱ ሄደ» ተብሎ ከተተረጎመ ልጁ ደህና ነው ተብሎ ይቀራል። በፈተናው ጊዜም ወደ ትክክለኛው ሥዕል እንዳያይ፣ ቃሉን እንዳያብራራ። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ፈተና በቃል ተተርጉሞ ነጥብ ከተሰጠበት ያ ነጥብ ዋጋ የለውም፤ ሪፖርቱ ላይ ልጁ የሚችለውና የማይችለው ተዘርዝሮ እንዲጻፍ ጠይቁ።

«አማርኛውን ትታችሁ በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» የሚል ቢያጋጥማችሁ አትስሙ። ሁለት ቋንቋ መዘግየትን አያመጣም፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅም ቢሆን ሁለቱን ይችላል። ወላጅ በማይቀናው ቋንቋ ሲያናግር ወሬው ያጥራል፣ ቀልዱ ይጠፋል፣ ትእዛዝ ብቻ ይቀራል። ቃል ስትቆጥሩ የሁለቱን ቋንቋ ደምሩ።

ናታንያ_4፦

እስራኤል ያለን ደግሞ መንገዱ ከጢፓት ሐላቭ (የእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያ) ነርስ ወይም ከልጁ ሐኪም ይጀምራል፤ በኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅታችሁ) በኩል ወደ ልጆች እድገት ተቋም ይላካል። ከተላከበት ቀን እስከ ቀጠሮው ያለው ጊዜ ረጅም ሊሆን ስለሚችል የጆሮ ምርመራውን በዚያው ሳምንት አስጨርሱት፤ ያለ እሱ ወረቀት ብዙ ጊዜ ይመልሷችኋል። ከ3 ዓመት በኋላ ጋን ሳፋ አለ፤ በቋንቋ መዘግየት ላይ ብቻ የሚሠራ መዋዕለ ሕፃናት ነው፣ በኮሚቴ ነው የሚገባው። አያት ቤት የሚውል ልጅ ከሆነ አማርኛውም እንዲታይ ንገሯቸው፤ በዕብራይስጥ ብቻ ተፈትኖ የሚወጣው ውጤት ጎዶሎ ነው።

ካሳንቺስ_አባት፦

ቃል_ለቃል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለታችንም ሥራ ነን፤ ቀኑን የሚውለው ከሞግዚቷ ጋር ነው። ሥልጠና የሚሰጥ ቦታ ካለም ጠቁሙን።

ሲስተር_መ፦

እንግዲያው ዋናዋ ቴራፒስት እሷ ናት። የተመረጡትን ቃላት ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ በትልልቁ ጻፉላት፤ ማንበብ የማትችል ከሆነ የእጅ መታጠቡን ቅደም ተከተል በስልኳ ላይ ቀርጻችሁ ስጧት። «አናግሪው» ብቻ ማለት አይበቃም፤ አንድ ጊዜ አብራችኋት ሥሩ፣ ቀጥሎ እሷ ስትሠራ እዩ። ልጁ ሳይጠይቅ ሁሉን ቀድማ የምታቀርብለት ደግና ታታሪ ሞግዚት ሳታውቀው የመናገሪያ ምክንያቱን ትወስድበታለች። አያትም እንዲሁ። ይህን በወቀሳ አትንገሯቸው፤ «ትንሽ እንጠብቀው» በሏቸው። ሞግዚት ስትቀየር አዲሷና የቀድሞዋ ቢቻል ለጥቂት ቀን አብረው ይዋሉ።

ሥልጠናን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆችና ለተንከባካቢዎች ያዘጋጀው የክህሎት ሥልጠና አለ፤ ከ2 እስከ 9 ዓመት የእድገት መዘግየት ያለበት ልጅ ላላቸው ነው፣ 9 የቡድን ክፍለ ጊዜና 3 የቤት ጉብኝት አለው። ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል። «ኦቲዝም ነው» የሚል የምርመራ ውጤት ይዞ መምጣትን አይጠይቅም። የልጆች አእምሮ ሕክምና ክፍል ባለበት ሆስፒታል ስለ እሱ ጠይቁ። ለኦቲዝም ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ዘሚ የኑስ የመሠረተችው የኒያ ፋውንዴሽን ጆይ ማዕከልና ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል አሉ። የትም ቢሆን ተራ መጠበቅ ስላለ ስማችሁን አስመዝግቡና የቤቱን ሥራ በዚያው ቀን ጀምሩ።

የማሙሽ_እናት፦

የመጨረሻ ጥያቄ። ክሊኒክ ሲገባ ዝም ይላል ወይም ያለቅሳል፤ ባለሙያው ትክክለኛውን ልጅ አያይም። በቪዲዮ ማሳየት ይቻላል?

ቃል_ለቃል፦

ይቻላል፣ እንዲያውም እኔ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። ሦስት ቪዲዮ፣ እያንዳንዱ 2 ደቂቃ ያህል። አንዱ ሲበላ፣ አንዱ ከሚወደው ሰው ጋር ሲጫወት፣ አንዱ ብቻውን በአሻንጉሊት ሲጫወት። ብቻውን ያለው ላይ መኪናውን ይነዳዋል ወይስ ገልብጦ ጎማውን ብቻ ያሽከረክራል የሚለውን ስለማይ እጁ በደንብ ይታይ። በአንደኛው ላይ ሌላ ነገር እያየ ሳለ ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ ጥሩት፤ ደጋግማችሁ ከጠራችሁ በስንተኛው እንደዞረ መለየት ያስቸግራል። «ለዶክተር ቻው በል፣ ቁጥር ቁጠር» እያላችሁ አታሠሩት። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ ስልኩ በወርዱ ይያዝ፣ የተቀረጸበት ቀን ይጻፍ። በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ፋይል ላኩት፣ አለበለዚያ ጥራቱ ይወርዳል።